ጠረጴዛዬ ላይ ያረፉት ጄቶች

ጋሼ ጠረጴዛዬን ከወሰደብኝ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ሰው ፊትም አልረሳሁትም፣ ለብቻዬም አልረሳሁትም። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። መጋረጃ እንደ ሸሚዝ ጉልበት ላይ አስቀምጠው የሚሰፉት ነገር አይደለም፤ ረጅም ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ብርሃን ይፈልጋል። ያንን ጠረጴዛ አናጺው አናት ላይ ቆሜ ነው ያሠራሁት። በበር አልገባ ብሎ እግሮቹን ነቅለን በመስኮት አስገባነው። አንዱን ጫፉን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ አቆምኩት። ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግቼ፣ ሳልጎነበስ፣ መቀሴን ይዤ አንድ ጊዜ እልም ብዬ ስሄድበት የነበረውን ደስታ ሠርቶ ያላየው አያውቀውም።

ከዚያ ጋሼ መጣ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ። አባታችን ነበር፤ ግን ብዙም ሳይቆይ መርሳት ጀመረና መኖሩም እንዳለመኖር ሆነ። ያሳደገኝ ጋሼ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ተከራይቶ የሚኖርበትን ክፍል ባለቤቱ ለልጁ ፈለገውና፣ "ለጊዜው አንቺ ጋ ልሁን እታለም" ብሎ አንድ ሻንጣ ልብስና ቁጥር ስፍር የሌለው ካርቶን ይዞ ገባ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ስለነበር ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ካርቶኖቹ ውስጥ ሳህንና ብርድ ልብስ ነበር የመሰለኝ። ጄት ነበር።

ተዋጊ ጄት፣ የፕላስቲክ። ለማያውቅ ላስረዳ። ሳጥኑ ሽፋን ላይ ጄቱ ደመና ሰንጥቆ ሲበር ይታያል። ሲከፈት ውስጡ ያለው ግን ግራጫ የፕላስቲክ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ላይ ክንፉም፣ ጎማውም፣ የአብራሪው ወንበርም፣ ሚሳይሉም እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክተው ተቀምጠዋል። አንድ በአንድ ተቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ተጣብቆ፣ ቀለም ተቀብቶ ነው ጄት የሚሆነው። አንዳንዱ ቁራጭ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ወለል ላይ ከወደቀ የቤቱ ሰው ሁሉ በአራት እግሩ ይሄዳል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ማለት ደግሞ እኔ ነኝ።

የሰፈሩ ሰው "ፓይለቱ" ይለዋል። ፓይለቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም።

"ጋሼ፣ ለመሆኑ ለምን ተዋጊ?" አልኩት አንድ ቀን። ጋሼ እያልኩ አንተ ነው የምለው፤ ከልጅነቴ የለመደ አፍ ነው። "ሰው የሚጭን አውሮፕላን ጠፍቶ ነው?"

"ሕይወቴን ሙሉ ሰው የሚጭን ነገር ስጠግን ኖርኩ" አለኝ ከመነጽሩ በላይ እያየኝ። "ሰው የሚጭን ነገር ተመልሶ ይመጣል። ፍሬኑ ይጮሃል፣ በሩ አልዘጋም ይላል። ይሄ አንዴ ከቆመ ቆመ።"

"ይሄ ግን ሰው የሚገድል ነው።"

"የኔዎቹ እስካሁን የገደሉት ያንቺን ጠረጴዛ ብቻ ነው" አለ። ይስቃል ደግሞ!

መጀመሪያ የጠየቀኝ መስኮቱ ጋ አንዲት ትሪ የምታህል ጥግ ነበር። ጥጓ እያደር ሰፋች። ደረቀ አልደረቀ የሚባል ክንፍ፣ ክዳኑ የተከፈተ ቀለም፣ ወረንጦ፣ ብሩሽ የተነከረበት ብርጭቆ፤ ያውም ሻይ የምጠጣበት ብርጭቆ። አንድ ቀን ነጭ ስስ መጋረጃ ላይ ግራጫ ጠብታ ባገኝ ጠመኔዬን አነሳሁና ጠረጴዛውን መሃል ለመሃል አቋርጬ መስመር አሰመርኩበት።

"ድንበር ነው" አልኩት። "ከዚህ ወዲህ የተገኘ ጄት ተመትቶ ይወድቃል።"

"የአየር ክልልሽ የተከበረ ነው" አለና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ።

አላከበረም። መስመሩ እየደበዘዘ እኔ እያደስኩ፣ እሱ እየተሻገረ እኔ እየመለስኩ ኖርን። በዚያ ላይ የመስኮቱ ወገን የደረሰው ለሱ ነው። እኔ ጨለማው ጋ ቀረሁ። ረጅም ጨርቅ ሲመጣብኝ ወለል ላይ ዘርግቼ እየዳኽኩ እቆርጣለሁ። ጉልበቴ የሚያመኝ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሐኪሙ ዕድሜ ነው ቢልም እኔ ጄት ነው እላለሁ።

እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ነበረን። መጋረጃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ከታች እጥፋቱ ውስጥ ትንንሽ የእርሳስ ክብደት እሰፋበታለሁ፤ የሚጻፍበትን እርሳስ አይደለም፣ ብረቱን ነው። ሽንብራ ቢያህል ነው፣ ሲይዙት ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ጄቶቹም ይሄንኑ ይፈልጋሉ። ክንፋቸው፣ ሞተራቸው፣ ሁሉ ነገራቸው ወደ ኋላ ስለሆነ አፍንጫቸው ውስጥ ክብደት ካልገባ በጎማቸው አይቆሙም። ስለዚህ ጋሼ የጄቱን ሁለት ጎን ገጥሞ ከመዝጋቱ በፊት አፍንጫው ውስጥ ማጣበቂያ ያንጠባጥብና ይጣራል።

"እታለም! እርሳስ!"

"ሱቅ ነኝ እንዴ?"

"ነይ እንጂ፣ ሊደርቅብኝ ነው!"

ከቆርቆሮዬ አውጥቼ፣ እያጉረመረምኩ፣ በገዛ እጄ አፍንጫው ውስጥ እጥልለታለሁ። እሱ ይዘጋዋል። እያንዳንዱ ጄት የተሠራው እንዲህ ነው። መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ላያቸው ሰው አይታይም እንጂ፣ ሁሉም አፍንጫ ውስጥ የኔ መጋረጃ አለ።

ባለፈው ክረምት ልጄ ከምትሠራበት ከተማ ለአጎቷ አንድ ሳጥን ላከችለት። ከእስከዛሬዎቹ ሁሉ የሚበልጥ፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ አዲስ የተባለ ጄት ነው። ጋሼ ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ቤቱን ዞረበት። ሲከፍተው ሳጥኑ ብቻውን ድንበሩን ተሻገረ። እኔ የሆቴል መጋረጃ ቆርጬ ዘርግቼ ነበር፣ ቀይ ከፋይ። ጋሼ አዲስ የተጣበቀ ክንፍ "ለአንድ አፍታ" ብሎ ከፋዩ ላይ አስቀመጠው። ክንፉን ሳነሳው ከፋዩ አብሮ ተነሳ።

ጮህኩ። ምን ምን እንዳልኩ አልደግመውም። እሱ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ፣ "የሰው ቤት ሲኖሩ እንዲህ ነው" አለ። ይሄ ደግሞ ከከፋዩ ይልቅ አቃጠለኝ። የሰው ቤት!

ተኮራረፍን። እኛ ቤት ኩርፊያ በዘር ነው፤ ከጀመርን በምልክት እንኳ አንነጋገርም። ሻይ አፍልቼ ድንበሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ጠጥቶ ብርጭቆውን ድንበሩ ላይ ይመልሰዋል። እሱ በዚያ ወገን ይፍቃል፣ እኔ በዚህ ወገን እሰፋለሁ። የኔ የስፌት መኪና ታወራለች፣ የሱ ብርጭቆ ወረቀት ይመልስላታል፤ እኛ ዝም።

እንዲህ እያለን ትልቁ ጄት አለቀ። ማለቁን ያወቅሁት ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ነው፤ ሲያልቅለት ሁልጊዜ እንዲያ ያደርጋል። ጄቱን በሁለት እጁ አነሳና በጎማው አቆመው። ለቀቀው። ጄቱ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስብ ሰው፣ አፍንጫውን ወደ ጣሪያው አነሳና በቂጡ ቁጭ አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከኩርፊያው ወዲህ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያ ድምፅ ነበር። የሰለቸው ውሻ ነው የመሰለኝ። አብሮኝ ይስቃል ብዬ ዞር ስል ጋሼ አይስቅም።

"እርሳሱን ረሳሁት" አለ። ለኔ አልነበረም የተናገረው።

በነጋታው ካርቶኖቹን ከአልጋው ሥር አወጣ። ጄቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ቁርጥራጭ፣ በኔው ቁርጥራጭ፣ እየጠቀለለ ከተታቸው። ቀለሙን ከደነ፣ ወረንጦውን በሳጥን አደረገ። ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ጄቶቹን ሱቁ ጣሪያ ላይ ለማንጠልጠል ሲለምነው የኖረ ነው፤ ወርዶ "ና ውሰዳቸው" አለው። ከዚያ ጠረጴዛውን የሱን ወገን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ፣ "ይኸውልሽ" አለኝ።

"ምኑ ነው ይኸውልሽ?"

"ጠረጴዛሽ።"

"ጋሼ፣ ለከፋይ ብለህ ነው? ከፋዩን እኮ ቆርጬ ተክቼዋለሁ።"

በሩ ላይ ቆመ። "አባባን መርሳቱ እንዴት እንደጀመረው አንቺ አታስታውሺም፤ ልጅ ነበርሽ። መጀመሪያ ቁልፉን ረሳ። ቀጥሎ የቤቱን መንገድ። በመጨረሻ አንቺን እያየ 'ይቺ ልጅ የማን ናት?' ብሎ ጠየቀኝ።" እጁን አየው፤ አንድ ሰሞን ታሞ ከተነሳ ወዲህ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። "እጄ ይንቀጥቀጥ፣ ግድ የለኝም። እርሳስ ግን ረስቼ አላውቅም ነበር። ጭንቅላቴ ከሆነ፣ ሰው ሳያየኝ ሥራውን ላቁመው።"

ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ስጮህለት የኖርኩት ጠረጴዛ ሙሉ በሙሉ የኔ ሆነ። ጨርቅ ዘረጋሁበት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እስከ መስኮቱ። መቀሴን ይዤ ስሄድ ስሄድ ድንበሩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ምንም የለም እኮ! ባዶ ነው። እጄ ግን አልሄድም አለ። ተናደድኩና ቁጭ ብዬ እጥፋት መስፋት ጀመርኩ።

ስለ ስፌት መኪናዬ ላውራ። ጋሼ የሚሠራበት ጋራዥ የአውቶቡስ ወንበር ልብስ የሚሰፋባት መኪና ነበረች፤ ዝጋ፣ ተሰባብራ፣ ጓሮ ተጥላ። ያኔ እኔ ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ ነበር። አስተማሪው ባላጠፋሁት መታኝ፤ አልመለስም አልኩ፤ አልተመለስኩም። ጎረቤቱ ሁሉ "ግረፋት" አለው። ጋሼ ራሱ ገና ጎረምሳ ነበር። አልገረፈኝም። "እሺ፣ አትመለሺ" አለኝ፤ "ግን እጅሽ ሥራ ካላገኘ ሰው ትደበድቢበታለሽ።" ያቺን መኪና ለምኖ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ክፍሏን በከረጢት እየያዘ አመጣት። በነጭ ጋዝ አጠባት፣ ገጣጠማት። ከታች ክር የምትይዘው ቁራጭ ጠፍታ ስለነበር ከአውቶቡስ ብረት በሞረድ ፍቆ፣ እየሞከረ፣ እየጣለ፣ እንደገና እየፈቀ ሠራት። ስትሄድ ጊዜ ከመደሰቱ የተነሳ የገዛ ሱሪውን እግር ሰፍቶ ዘጋው።

እስከ ዛሬ የምሰፋው በሷ ነው። ልጄን ያስተማርኩት በሷ ነው፣ ባሌን የቀበርኩት በሷ ነው። የፈቃት ቁራጭ አንድ ቀን ክር ዘላ አታውቅም። እኛ ቤት "አመሰግናለሁ" አይባልም። ያን ዕለት ሱሪውን ተርትሬ መልሼ ሰፋሁለት፤ እሱም ለበሰው። በቃ፣ ምስጋናው እሱ ነበር።

ይሄን እያሰብኩ እጥፋቱ ውስጥ ክብደት ልከት ወደ ቆርቆሮው እጄን ሰደድኩ። ለመጋረጃ ከወሰድኩት በቀር ቆርቆሮው እንደ ሞላ ነው። ጄት በተሠራ ቁጥር ጎደል የሚለው ቆርቆሮ ለትልቁ ጄት ምንም አልጎደለም። እጄን እዚያው እንደከተትኩ ቀረሁ።

ጋሼ እርሳስ መቼ አስታውሶ ያውቃል? አንድም ቀን! የሚያስታውሰው እኔን መጥራት ነው።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ መቀሱን ደረት ኪሱ ሻጥ አድርጎ።

"እትዬ መጋረጃ፣ እንደምን ዋሉ? ጄቶቹን ልወስድ ነው። ጣሪያው ላይ ሚስማር ሁሉ መትቻለሁ።"

"ሚስማሩን ንቀል።"

"ምን አሉ?"

"አየሩ ጥሩ አይደለም። በረራ ተሰርዟል።"

"ኧረ እትዬ! ፓይለቱ ራሳቸው ናቸው እኮ ውሰድ ያሉኝ!"

"ፓይለቱ ኩርፊያ ላይ ናቸው። ግባ፣ ቁጭ በል፣ ምንም ነገር እንዳትነካ።"

ትልቁን ጄት ከካርቶኑ አወጣሁና የጋሼን በር በክርኔ ከፈትኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል።

"ተነስ።"

"ምን ሆንሽ?"

"እርሳስ አስታውሼ አላውቅም በል።"

"ምን?"

"በል እንጂ! ከቆርቆሮው ሄደህ እርሳስ ያመጣህበት አንድ ቀን ካለ ንገረኝ። 'እታለም' ትላለህ፣ እኔ አመጣለሁ። በዚህኛው ግን 'እታለም' እንዳትል ኮርፈሃል። ጭንቅላትህ አልረሳም፤ አፍህ ነው የተዘጋው።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። "ልታጽናኚኝ ነው።"

"እኔ? ማንን አጽናንቼ አውቃለሁ?"

አሰበ። አጥብቆ አሰበ። "እውነትሽን ነው" አለ።

"ከፈለግህ ሐኪም ይይህ፤ አብሬህ እሄዳለሁ። ይሄ ጄት ግን ምስክር አይሆንብህም። በል ንገረኝ፣ ስፌቱ የት ጋ ነው?"

"የምን ስፌት? ፕላስቲክ ነው እታለም! ማጣበቂያው አቅልጦ አንድ አድርጎታል።"

"የተሰፋ ይተረተራል። የት ጋ ነው?"

ጄቱን ከእጄ ወሰደው። ጣቱ አፍንጫው ሥር ያለችውን ቀጭን መስመር አገኘ። "እዚህ ጋ ብቻ ጥቂት ነው የቀባሁት" አለ። "ግን ቢላ ይንሸራተትና ይቧጭረዋል፤ መጋዝ ደግሞ ይወፍራል።"

የወፍራም መጋረጃ የናይለን ክሬን አመጣሁ። መስመሯ ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠምኩና ሁለቱን ጫፍ ጣቶቼ ላይ አሰርኩ። "ያዝ።"

"እጄ ይንቀጠቀጣል እኮ።"

"ይንቀጥቀጥ! በክሩ ልንሞርደው አይደል? አግዘኝ።"

መጀመሪያ ሳቁ በአፍንጫው አመለጠው። ከዚያ ያዘ። ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ብርሃኑ ሄድን። ክሩን ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ ሳብኩት። ነጭ ዱቄት መርገፍ ጀመረ። ክሩ ጋለና ተበጠሰ፤ ሌላ ጠመጠምኩ። ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ተነስቶ አናታችን ላይ ቆመ።

"በስተግራ ትንሽ ዘንበል ቢያደርጉት..."

"አንተ ጢም ላጭ!" አልነው፣ ሁለታችንም አንድ ላይ። ተያየን። ኩርፊያው ያኔ ነው የሞተው።

አፍንጫው ጠብ ብሎ እጄ ውስጥ ወደቀ። ጋሼ መነጽሩን አስተካከለ፣ ማጣበቂያውን ከፈተ፣ አንጠባጠበ። እኔ ጎኑ ቆሜያለሁ፤ ትንፋሼ ጆሮው ላይ ነው። እሱ ግን ጎረቤት እንደሚሰማው አድርጎ ተጣራ።

"እታለም! እርሳስ!"

"ሱቅ ነኝ እንዴ?" አልኩ።

ጣልኩለት። "ጨምሪ፣ ይሄ ትልቅ ነው" አለ። ጨመርኩ። "ጨምሪ።" "ለሆቴሉ መጋረጃም ይቅርልኝ እንጂ!" "አንድ ብቻ።" ጨመርኩ። ዘጋው፣ በጣቶቹ ቆንጥጦ ያዘው። ሻይ ጣድኩ፤ ሻዩ ፈልቶ፣ ተቀድቶ፣ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ጣቶቹን አላነሳም፤ እኔ ነኝ ያጠጣሁት። ከዚያ ጄቱን በጎማው አቆመውና ለቀቀው።

ቆመ። ጋሼ ጅራቱን በጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው። ጄቱ አፍንጫውን ነቅነቅ አደረገና ተመልሶ በሦስቱም ጎማው ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ አጨበጨበ። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ ጠረገ፣ ጠረገ። እኔም ክር የምፈልግ መስዬ መሳቢያ ውስጥ ገባሁ።

ፀጉር አስተካካዩን ባዶ እጁን አልላክነውም። ጋሼ መጀመሪያ የሠራውን፣ ክንፉ ትንሽ የተንጋደደውን አረንጓዴ ጄት ሰጠው። ዛሬም ከመስታወቱ በላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል፤ ሰው ሲላጭ አንገቱን እያቀና ያየዋል።

ሌሎቹን ከካርቶን እያወጣን ሳለ ነው ጠረጴዛውን ቆሜ ያየሁት። መስኮቱን አየሁ። ጉልበቴን አሰብኩ። የዓመታት ንዴቴን አሰብኩ፤ አልተውኩትም፣ እኔ ነገር የምተው ሰው አይደለሁም። እርጥብ ጨርቅ አመጣሁና የድሮውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ፋቅሁት።

"ሰላም ወረደ?" አለ ጋሼ።

"ዝም በልና እይ።"

ጠመኔዬን አነሳሁና አዲስ መስመር ጀመርኩ፤ በወርዱ ሳይሆን በርዝመቱ፣ ከጨለማው ጫፍ እስከ መስኮቱ። ጨርቄን በወርዱ አጥፌ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሄድበታለሁ፤ ጄቶቹም እንደ ሜዳቸው ርዝመቱን ሙሉ ይሰለፉበታል። መስኮቱም የሁለታችን ይሆናል፣ ወንበሮቻችንም ጎን ለጎን። ይሄን እስከ ዛሬ እንዴት ሳናስበው ቀረን አትበሉኝ፤ ሁለት እልኸኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መስመር እንጂ ሐሳብ አይታየውም።

ጋሼ ራሱን ዘንበል አድርጎ መስመሩን አየው። "ጠማማ ነው" አለ።

"እንግዲያው ሜትሩን ያዝልኛ!"

ሄዶ የሜትሩን ጫፍ መስኮቱ ጋ ያዘልኝ። እኔ ከዚህኛው ጫፍ ወጠርኩትና ቀጥ አድርጌ አሰመርኩት።